ለዳማ አንዲት መርፌ

ጋሪው ተጫነ!
ምን ተጫነበት?
ወሬ፤ ከባድ ወሬ።
ማን ይጎትተዋል?
የሰማ ይጎትተዋል።
እንግዲያው መንገድ ልቀቁለት፣ ይሂድ።

ጋሪ በሚበዛበት፣ አቧራው ከሰው ቀድሞ በሚሄድበት አንድ ቆላ ከተማ ውስጥ ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረ። ዳማ መልኩም ነው፣ ስሙም ነው። ባለቤቱ እትዬ ልኬለሽ ናቸው፤ የሚነዳው ደግሞ ቀጥረውት ይርዳው ነው። ድሮ የሚነዳው የእትዬ ልኬለሽ አንድዬ ልጅ ጌጡ ነበረ። ጌጡ ድንጋይና ብሎኬት ሲያነሳ ሲጥል ወገቡ ተጎዳ፤ ማታ ማታ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። አንድ ጠዋት ጌጡ በዳማ በረት ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

ሰፈሩ "ምን ሆኖ ነው?" አለ።

እትዬ ልኬለሽ "ምች ነው" አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ምች ተባለ፣ መቃብሩ ላይ ምች ተባለ፣ ሰልስቱ ላይም ምች ተባለ። ለቅሶ ላይ እናት ያለችውን ማን ያርማል? ምች ተብሎ ምች ሆኖ ቀረ። በረቱን መጀመሪያ የከፈተው ያኔ ከጌጡ ጋር ጭነት የሚያወርደው ይርዳው ነው፤ ያየውን ያውቃል። እሱም ከሰው ጋር ምች አለ።

እና አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ዳማ ብሎኬት ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን የቀረ ቦይ ውስጥ የፊት እግሩ ገባ። ቀጭ አለ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንዲህ ነው የሚለው። ይርዳው ድምፁን ሰማው፣ ግን እንዳልሰማ ለመሆን ትንሽ ቆመ።

ጋሪ ነጂዎቹ ጋሪያቸውን እየተዉ መጡ። ጭነቱን አወረዱ፣ ማሰሪያውን ፈቱ፣ ዳማን ተሸክመው ከመንገዱ ዳር ግራር ሥር አስተኙት። እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ዳማ አልጮኸም። ፈረስ ሲብስበት አይጮህም፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያይሃል።

"አለቀለት" አለ ሸምሱ። ሸምሱ የይርዳው ጓደኛ ነው፣ እሱም ጋሪ ነጂ። "ተነስ እንሂድ ይርዳው። ቆመህ ብታየው ምን ታመጣለህ?"

እንዲህ የሆነ ፈረስ በዚያ ከተማ ምን ይደረጋል መሰላችሁ? በሬ ቢሆን ይታረዳል። ፈረስ አይታረድ፣ አይበላ፤ ቢላ የሚያነሳበት ሰው የለም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ትተውት ይሄዳሉ። ሲመሽ ጅብ ይመጣል። ጅብ ደግሞ እስኪሞት አይጠብቅም።

ይርዳው ይሄን ብዙ ጊዜ አይቷል። በሌላ ሰው ፈረስ ላይ ነው ያየው።

"አልሄድም" አለ። "አንዲት መርፌ ነው የምፈልገው። ሕመሙን የምታጠፋለት፣ አስተኝታ በዚያው የምታሳርፈው አንዲት መርፌ። ጅብ ሳይመጣ።"

"መርፌ ብቻ?"

"መርፌ ብቻ።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አለ ሸምሱ። "ሮጠህ ሐኪሙን አምጣው፤ እኔ እጠብቀዋለሁ።"

ቀላል ነው አለ። ስሙት እንግዲህ።

ይርዳው ሮጦ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄደ፤ ሐኪሙን ዶክተር ምንተስኖትን ይዞ መጣ። ዶክተሩ ተንበርክከው እግሩን ዳሰሱት፤ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

"አይድንም።"

"አውቃለሁ ዶክተር። ይውጉልኝና ይረፍ።"

"በምን ልውጋው? መድኃኒቱ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ወይዘሮ አስካለ ጋ ነው።"

"ሐኪሙ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ድሮ ቁልፉ እኔ ኪስ ነበረ" አሉ ዶክተሩ። "ሰው ይመጣል፤ ፈረሴን አመመው፣ በቅሎዬን አመማት ይላል። ወረፋው ረጅም ነው፣ እኔ አንድ ነኝ፤ ጠርሙሱን እሰጠዋለሁ። በኋላ ሲታይ ጠርሙሱ አልቋል፣ የታመመ ፈረስ ግን የለም። ቁልፉን ነጠቁኝ። እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፣ ዘበኛ ነኝ እንዴ? ማን ለማን እንደወሰደ በምን አውቃለሁ?"

ሐኪሙ አይወጋም፤ ዳማም አያርፍም። ፀሐይ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፤ ከአናት ዘንበል አለች።

ይርዳው ወደ ወይዘሮ አስካለ ሮጠ። ወይዘሮ አስካለ የክሊኒኩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው፤ ቁልፉን እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አስረው ሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

"እትዬ አስካለ፣ ይክፈቱልኝ! ቁልፉ ካልዞረ ሐኪሙ አይወጋም፤ ሐኪሙ ካልወጋ ዳማ አያርፍም።"

"ቁጥር ይዘሃል?"

"የምን ቁጥር?"

"የመዝገብ ነዋ! ለሰው የሚሰጥ ጠንካራ መድኃኒት ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል አይደል? ማን ወሰደ፣ ከየት ወሰደ፣ መቼ ወሰደ። አሁን የከብቱም ቁምሳጥን በዚያው ቁጥር ይከፈት ብለው አዘዙኝ።"

"ቁጥሩን ማን ይሰጣል?"

"መድኃኒት ቤት ያለችው ፈትለወርቅ።"

"እስካሁን ያመጣ ሰው አለ?"

ወይዘሮ አስካለ ቆሎውን አቆሙ። "እውነቱን ልንገርህ ልጄ? ከታዘዝኩ ወዲህ አንድ ቀን አልከፈትኩትም። መቆለፊያው ዝጎ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ብከፍትልህ ነገ እንጀራዬን ነው የሚዘጉት። ሂድ፣ ቶሎ በል።"

ቁልፉ አይዞርም፤ ቁልፉ ያልዞረለት ሐኪም አይወጋም፤ ሐኪም ያልወጋው ዳማ አያርፍም። ፀሐይ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፤ የግራሩ ጥላ ከዳማ ላይ መሸሽ ጀመረ።

ይርዳው ወደ መድኃኒት ቤት ሮጠ። ሰው ተሰልፏል። ሰልፉን ጥሶ ገባ።

"እህቴ፣ በፈጠረሽ ቁጥር ስጪኝ! ቁጥር ከሌለ ቁልፉ አይዞርም፤ ቁልፉ ካልዞረ ሐኪሙ አይወጋም፤ ሐኪሙ ካልወጋ ዳማ አያርፍም።"

ፈትለወርቅ ወጣት ናት፤ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ "የታማሚው ስም?" አለች።

"ዳማ።"

"የአባት ስም?"

"ፈረስ ነው።"

ሰልፉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ "እናቱን ጠይቀህ አትመጣም ነበር?" አሉት።

"አባቱን እኔ በምን አውቃለሁ?" አለ ይርዳው። "አንቺ ዝም ብለሽ አንድ ስም ጻፊበት።"

"ውሸት አልጽፍም። ውሸት እንዳይጻፍ ነው መዝገቡ የመጣው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችው፤ የለበሰውን አቧራ አየች፣ እጁ ላይ የደረቀውን የፈረስ ላብ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንተ ጋሪ ነጂ ነህ? ድሮ አንድ ጋሪ ነጂ እዚህ ይመጣ ነበር፤ ወገቤን፣ እንቅልፌን እያለ። መዝገቡ ከሌላ መድኃኒት ቤት እንደወሰደ አሳየኝና ከለከልኩት። ቢለምነኝም እንቢ አልኩት፣ ለሱው ብዬ። ወጣ። ከዚያ የት እንደሄደ እኔ አላየሁም።"

ይርዳው አይቷል። ጌጡ ከዚያ የሄደው ዳማን ይዞ ነው። ፈረሴን አመመው ብሎ እንስሳት ክሊኒክ ሄደ፤ ደግሞ ገበያ ጀርባ ያለው የግል የከብት ሐኪም ጋ ሄደ፤ ደግሞ ተመልሶ ክሊኒኩ። ዳማ ደህና ነበር፤ በር ላይ ቆሞ ሣር ይበላል። የሰው መድኃኒት ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። የከብት ሐኪሞቹን ግን ማንም አያያቸውም፣ እነሱም ማንንም አያዩም።

"ለከብት ሐኪሞች የሚሆን ቦታ መዝገቡ ላይ አለ" አለች ፈትለወርቅ። "ተዘግቶ ነው ያለው። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደጀኔ ክፈቺ ካሉኝ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ። እባክህ ሂድና ንገራቸው፤ እኔ ነግሬ ነግሬ ደከመኝ።"

መዝገቡ ቁጥር አይሰጥም፤ ቁጥር የሌለው ቁልፍ አይዞርም፤ ቁልፉ ያልዞረለት ሐኪም አይወጋም፤ ሐኪም ያልወጋው ዳማ አያርፍም። ፀሐይ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፤ ከጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ወርዳ የሰው ፊት ላይ መጣች።

ይርዳው ወደ አቶ ደጀኔ ሮጠ። አቶ ደጀኔ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር ሰጡት፣ ውሃ ሰጡት። ውሃውን ጠጣ፤ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ! እርስዎ ካልፈቀዱ መዝገቡ ቁጥር አይሰጥም፤ ቁጥር ከሌለ ቁልፉ አይዞርም፤ ቁልፉ ካልዞረ ሐኪሙ አይወጋም፤ ሐኪሙ ካልወጋ ዳማ አያርፍም።"

"ስማኝ ወንድሜ" አሉ አቶ ደጀኔ። "ሰው የጤና ነው፣ ከብት የግብርና ነው። የከብት ሐኪሞቹ እዚህ መዝገብ ውስጥ ይግቡ ብዬ አንዴ ጠርቻቸው ነበር። ጮሁብኝ! ላም ምጥ ላይ ሆና ገበሬው ቁጥር ይጠብቅ ወይ አሉኝ። ኔትዎርክ የጠፋ ቀንስ አሉኝ። በሬ አባቱ ማነው ተብሎ ይጠየቃል ወይ ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሳይጎዳ ሥራ አላበዛባቸውም።"

"ሰው ቢጎዳስ?"

"ማን ተጎዳ? ከዚያ ቁምሳጥን በወጣ መድኃኒት የተጎዳ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ስሙን ንገረኝ። ዛሬውኑ እፈቅዳለሁ።"

ይርዳው አፉን ከፈተ። "ጌ" አለ። ድንኳኑ ታየው፣ ምች ያለው ሰው ሁሉ ታየው፣ ራሱም ምች ሲል ታየው። ስሙ የሟች ነው፣ ሟች ደግሞ የእናቱ ነው። ሳታውቅ ስሙን ለቢሮ አይሰጥም።

"ጌ... ማን?" አሉ አቶ ደጀኔ።

"እመለሳለሁ" አለና ወጣ።

ኃላፊው አይፈቅድም፤ ካልተፈቀደ መዝገቡ ቁጥር አይሰጥም፤ ቁጥር የሌለው ቁልፍ አይዞርም፤ ቁልፉ ያልዞረለት ሐኪም አይወጋም፤ ሐኪም ያልወጋው ዳማ አያርፍም። ፀሐይ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም።

ወደ እትዬ ልኬለሽ ቤት ሲሮጥ በግራሩ በኩል አለፈ። ሸምሱ ጆንያ ዘርግቶ ፀሐዩን እየከለለ፣ በኮዳ ክዳን የዳማን ከንፈር ያርሳል።

"አመጣህ?"

"አላመጣሁም።"

"ምን አሉህ?"

"ፈቃድ ይፈልጋል አሉኝ።"

"ለመሞት ፈቃድ!" አለ ሸምሱ። "እኛ ብሎኬት ሥር ስንሞት ማን ፈቃድ ጠየቀን?" ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ አልወጣለትም። ዳማ ጆሮውን ወደ ይርዳው ድምፅ አዞረ። ጠዋት ጠዋት ሲጭነው እንደሚያደርገው። ይርዳው አላየሁም ብሎ ሮጠ።

እትዬ ልኬለሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቃጫ ይገምዳሉ፤ የፈረስ ገመድ እየሠሩ ነው የሚኖሩት። ጌጡ ከሞተ ወዲህ በረቱ ደጃፍ ደርሰው አያውቁም፤ ዳማን የሚያበላውም የሚያጠጣውም ይርዳው ነው። ገመዱን ብቻ ይሰጡታል፤ ሁልጊዜ አዲስ ገመድ።

"እትዬ፣ ዳማ ተሰበረ።"

እጃቸው ቆመ።

"እግሩ?"

"የፊት እግሩ። አይድንም። አንዲት መርፌ ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን እርስዎ ካልተናገሩ ኃላፊው አይፈቅድም፤ ኃላፊው ካልፈቀደ መዝገቡ ቁጥር አይሰጥም፤ ቁጥር ከሌለ ቁልፉ አይዞርም፤ ቁልፉ ካልዞረ ሐኪሙ አይወጋም፤ ሐኪሙ ካልወጋ ዳማ አያርፍም።"

"ምን ብዬ ነው የምናገረው?"

ይርዳው መሬት መሬት አየ። "ጌጡ በምን እንደሞተ።"

"ምች ነው።"

"እትዬ..."

"ምች ነው አልኩህ! ድንኳን ውስጥ አልነበርክም? አንተስ ምች አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ምን ታደርቀኛለህ?" ገመዱን ጎተቱት፤ ሊበጥሱት ነው የሚመስል። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ይርዳው፣ ራሱን ገደለ ይሉታል። ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም። ከደብሩ ቅጥር አውጥተው ከሜዳ ይጥሉብኛል። ልጄን እንደዚያ ፈረስ ከሜዳ ላይ? ለዳማ ብዬ?" ፊታቸውን አዞሩ። "ዳማንም እኮ እኔ ነኝ ከጡት ያስጣልኩት። ግን ልጄ ይበልጥብኛል። መምሬ ጥበቡ በአፋቸው አጽሙን ማንም አይነካውም ካላሉኝ አልናገርም።"

"ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?"

"መጠየቅ መናገር አይደለም እንዴ?"

እናት አትናገርም፤ እናት ካልተናገረች ኃላፊው አይፈቅድም፤ ካልተፈቀደ መዝገቡ ቁጥር አይሰጥም፤ ቁጥር የሌለው ቁልፍ አይዞርም፤ ቁልፉ ያልዞረለት ሐኪም አይወጋም፤ ሐኪም ያልወጋው ዳማ አያርፍም። ፀሐይ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም፤ የሰው ጥላ ከሰው ረዘመ።

ይርዳው ወደ ደብሩ ሮጠ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። መምሬ ጥበቡ የቅጥሩን አጥር በእሾህ እየጠገኑ አገኛቸው።

"መምሬ፣ እርስዎ ካልተናገሩ እናት አትናገርም፤ እናት ካልተናገረች ኃላፊው አይፈቅድም፤ ኃላፊው ካልፈቀደ መዝገቡ ቁጥር አይሰጥም፤ ቁጥር ከሌለ ቁልፉ አይዞርም፤ ቁልፉ ካልዞረ ሐኪሙ አይወጋም፤ ሐኪሙ ካልወጋ..." እዚህ ላይ ትንፋሹ አለቀ። ተቀመጠና አለቀሰ። ጌጡ ሲሞት ያላለቀሰውን ነው መሰለኝ ያለቀሰው።

መምሬ እሾኩን አስቀመጡ። "ዳማ የጌጡ ፈረስ?"

"አዎ።"

"ጌጡን ማን ገነዘው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያስ ክንዱን አይቻለሁ" አሉ መምሬ። "መርፌ የበሳሳው ክንድ ነበረ። በረቱንም ገብቼ አይቻለሁ። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ለነገ ሥራ ልጓሙን ቅባት ቀብቶ ሰቅሏል፤ ለፈረሱ የጠዋት ገለባ አስቀምጧል። ሊሞት የሄደ ሰው የነገን ገለባ ያዘጋጃል? ያ ልጅ መተኛት ነው የፈለገው። አንድ ሌሊት መተኛት። እያወቅሁ ነው የፈታሁት፤ ቅጥሩም ውስጥ እያወቅሁ ነው ያስቀበርኩት።"

"ታዲያ ለእትዬ ለምን አልነገሯቸውም?"

መምሬ እሾህ የወጋው ጣታቸውን አዩ።

"ምች ሲሉ ሰማሁ። እውነቱን ባነሳባቸው ያፍራሉ ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸው እኔን ፈርተው፣ እኔ ለሳቸው አዝኜ፣ አንድ አጥር ግቢ ውስጥ ስንተያይ ኖርን።" ተነሱ፣ ዘንጋቸውን አነሱ። "ና፣ ደግፈኝ። ሩጫ አልችልም፤ ግን አልቆምም።"

ስሙ እንግዲህ፣ ጋሪው ቁልቁለት ጀመረ።

መምሬ ለእትዬ ልኬለሽ ደጃፋቸው ላይ ነገሯቸው፤ ይርዳውም ያየውንና ከመድኃኒት ቤት የሰማውን ጨመረ። እትዬ ልኬለሽ ገመዱን እንደያዙ ሰሙ። "ፈትተውታል?" አሉ። "ፈትቼዋለሁ።" "እያወቁ?" "እያወቅሁ።" ሦስተኛ አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ልክ ዛሬ ሰው እንደሞተባቸው፤ ቀድመው ወጡ። ይርዳውም መምሬም ከኋላ ቀሩ።

አቶ ደጀኔ ቢሮ ሊዘጉ ነበር። እትዬ ልኬለሽ በሩ ላይ ቆሙ፣ አልገቡም።

"ስም ብለህ ነበር አሉ። የልጄ ስም ጌጡ ነው። ምች አልመታውም። በፈረሱ ስም በወሰደው መድኃኒት ነው የሞተው። መድኃኒት ቤቷ ያለችው ልጅ አውቃ ከለከለችው፤ የከብት ሐኪሞቹ ሳያውቁ ሰጡት። አንዱ ሌላውን ቢያይ ኖሮ ልጄ እቤቴ ነበረ፤ ወገቡን እያመመው እቤቴ ነበረ። አሁን ስም አለህ። ፍቀድ።"

አቶ ደጀኔ ተነስተው ቆሙ። "እናቴ..." ብለው ስልኩን አነሱ። "ፈትለወርቅ፣ ክፈችው። ለከብት ሐኪሞቹ ክፈችው። አዎ፣ በኔ ፊርማ።"

መድኃኒት ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው። ፈትለወርቅ ከፍታ ጠበቀቻቸው።

"ዓይነት? ፈረስ። ስም? ዳማ።" ጣቷ ቆመ። "አሁንም የአባት ስም ይላል። እሱ ካልሞላ ወደፊት አይሄድም። ምን ልበል?"

ዛሬ ማንም አልሳቀም።

"ጌጡ በይ" አሉ እትዬ ልኬለሽ። "ከሱ ሌላ አባት አያውቅም።"

ዳማ ጌጡ ተብሎ ተጻፈ። ቁጥሩ ወጣ። ወይዘሮ አስካለ ቁልፉን ከአንገታቸው ፈቱ፤ መቆለፊያው ዝጎ ነበር፣ በሁለት እጅ ታግለው አዞሩት። ዶክተር ምንተስኖት መርፌውን ሞልተው በባጃጅ ደረሱ። ከግራሩ ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ብርሃን ቀርታለች። ከወንዙ ማዶ አንድ ጅብ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት።

ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አዩ። እትዬ ልኬለሽን አዩ። ለካ ያኔ ድምፁን ብቻ ሰምተው፣ በመስኮት ጠርሙስ ያቀበሉት ልጅ እናት ናቸው። መርፌውን ዝቅ አደረጉ።

"እትዬ... እኔ ነኝ የሰጠሁት። ፈረሴን አመመው አለኝ። በሩ ላይ ነው የቆመው አለኝ። ወጥቼ ሳላየው ሰጠሁት።"

ሸምሱ ጆንያውን አጠፈ። ይርዳው የዳማን አንገት አቅፏል። ሁሉም እትዬ ልኬለሽ ምን እንደሚሉ ጠበቀ። እሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ የዳማን ጭንቅላት እንደ ልጅ ጭንቅላት ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከጌጡ ሞት ወዲህ ሲነኩት የመጀመሪያቸው ነው። ዳማ አሸተታቸው።

"አሁን እየው" አሉ ለዶክተሩ። "ይኸው ፈረሱ። ደህና አድርገህ እየው። አይተኸዋል?"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲያው ውጋው ልጄ።"

ቄሱ ተናገረ፤ እናት ተናገረች፤ ኃላፊው ፈቀደ፤ መዝገቡ ቁጥር ሰጠ፤ ቁልፉ ዞረ፤ ሐኪሙ ወጋ፤ ዳማ አረፈ። መጀመሪያ መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ ጆሮው ወደ ይርዳው እንደዞረ ቀረ። ፀሐይ ማንንም አትጠብቅም፤ ያን ቀን ግን ከዳማ በኋላ ገባች።

ጅቡ ኋላ መጥቷል። ምን ይደረጋል፣ ጅብ ነው። ዳማ ግን አልሰማውም።

ዶክተር ምንተስኖት ዛሬም ያጉረመርማሉ። ኔትዎርክ ይጠፋል፣ ገበሬ ይቆጣል፣ በሬ የአባት ስም ይጠየቃል። ግን ፈረሱን ሳያዩ አይሰጡም፤ ሲሰጡም ይጽፋሉ። መዝገቡን የከፈተ ሁሉ ከከብቶቹ በኩል መጀመሪያ የሚያየው ስም አንድ ነው፤ ዳማ ጌጡ። እትዬ ልኬለሽ ገመድ መግመዳቸውን አልተዉም። ይርዳው አሁን በትከሻው ይሸከማል፤ ወገቡን ሲያመው "አመመኝ" ይላል፣ "ፈረሴን" አይልም፤ ፈረስም የለው።

ጋሪው ደረሰ!
ምን ይደረግ?
ወሬው ይራገፍ።
ፈረሱስ?
ፍቱት። ብዙ ጎትቷል፣ ፍቱት ይረፍ።